ከደጁ ውጭ የሚቆመው ሰው

ስልክ የሚሠራው ድንጋዩ ላይ ብቻ ነበር። ድንጋዩ ከመንደሩ በላይ፣ ገደል አፍ ላይ ነው፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ብትል ኔትወርኩ ይጠፋል፣ ወደ ግራ ትንሽ ብትል አንተ ትጠፋለህ። እዚያ ላይ ቆሜ፣ ነፋሱ ጋቢዬን ሊገፍፈኝ እየታገለኝ፣ አዲስ አበባ ለተቀመጠው አለቃዬ ስለ ሁለት የተገደሉ ሰዎች እጮሃለሁ። ጩኸቴ ያለ ስልክም አዲስ አበባ ይደርስ ነበር ብዬ አምናለሁ።

"ጋሽዬ፣ የገዳዩ ስም አለን?" አለኝ።

"የለንም።"

"ፊትስ?"

"የማን ፊት?"

"የማንም ይሁን። የሟች ሚስት ስታለቅስ፣ የሟች እናት ደረቷን ስትመታ። ብቻ የሆነ ፊት።"

"ማንም አያናግረኝም። ትናንት አንዲት በቅሎ አናገርኩ፤ እሷም ፊቷን አዞረችብኝ።"

"በበቅሎ ቪዲዮ አይሠራም ጋሽዬ። ተመልካቹ ስም ነው የሚፈልገው" አለና ዘጋው። ወይም ነፋሱ ዘጋው።

አለቃዬ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። የሚመራው በኢንተርኔት የሚተላለፍ የወንጀል ቻናል ነው፤ ርዕሶቹ ሁሉ በቀይ ይጻፋሉ፣ ሁሉም "ጉድ" ብለው ይጀምራሉ። እኔ የመጣሁት ከወረቀቱ ዘመን ነው። በየሳምንቱ የምትወጣ ጋዜጣ ነበረችን፤ ሚስቱን በመጥረቢያ፣ አማቱን በዘነዘና፣ ባልንጀራውን በጠርሙስ ያለውን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ እኔ ያላየሁት ሬሳ ካለ በደንብ ያልሞተ ነው። ሥራው ግን አልተስማማኝም። ጨጓራዬ ተላጠ፣ እንቅልፌ ከዳኝ፣ አረቄ ከውሃ በላይ ጠጣሁ፣ ሚስቴም "አንተ ቤት የምትገባው ሬሳ ሲያልቅብህ ነው" ብላኝ ሄደች። በመጨረሻ ጋዜጣዋ ራሷ ሞተች። የሷን ሞት ማንም አልዘገበውም።

ስለዚህ ወደ ተወለድኩበት ወደ ላሊበላ ተመለስኩ። እንግዳ ከራቀው ሆቴል አንዱን ክፍል ተከራየሁ፤ ቋሚ ደንበኞቹ እኔና አንዲት ድመት ነን፣ ከሁለታችን መስተንግዶ የሚደረገው ለሷ ነው። ቻናሉ ሲቀጥረኝ "የሰሜን ቢሮ ኃላፊ" የሚል ማዕረግ ሰጠኝ። ቢሮው ጋቢዬ ነው።

የተገደሉት ሰዎች ወንድማማቾች ነበሩ፣ ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለ፣ ስሙን ከማልጠራው መንደር። ታናሹ ከገበያ ሲመለስ ወንዙ መሻገሪያ ላይ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። የሱ ተዝካር ሳይወጣ መካከለኛው በዚያው መንገድ፣ እንደዚያው በገበያ ቀን ወደቀ። ፖሊስ መጣ፣ ቀለሃ ለቀመ፣ ጠየቀ፣ ሄደ። የተረፉት ታላቅየው ብቻ ናቸው፤ መንደሩ ሁሉ "አያ" ይላቸዋል፣ እዚያ አገር ታላቅ የሚጠራው እንዲህ ነውና እኔም አያ ልበላቸው። ሽበታም ናቸው፤ ከሐዘኑ ወዲህ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው አያውቁም።

ላስታ ውስጥ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም፤ ነገሩ ይኸው ነው። "ማን ገደላቸው?" ስትል "እግዜር ይወቅ" ይሉሃል፣ እግዜር ደግሞ ቃለ መጠይቅ አይሰጥም። በመንደሩ ውስጥ ከቤት ቤት ዞሬ የተሰጠኝን ጠላ ብሰበስበው ወንዙን ይሞላ ነበር፤ የተሰጠኝ መረጃ ግን አንዲት ስኒ አትሞላም። ተናድጄ ወደ ቄሱ ሄድኩ። እሳቸው የመንደሩ ግማሽ ሰው የንስሐ አባት ናቸው፤ ገዳዩ ነፍሱን የሚወድ ከሆነ ለሳቸው መናዘዙ አይቀርም ብዬ ነው።

"አባ፣ ሰሞኑን ከባድ ነገር ይዞ እርስዎ ዘንድ የመጣ ሰው ይኖር ይሆን?" አልኳቸው፣ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ።

"ልጄ፣ አንተስ ንስሐ ከገባህ ስንት ዘመንህ ነው?"

"እኔ ስለራሴ አልነበረም የመጣሁት።"

"እሱማ ነው ችግሩ" አሉና መስቀላቸውን አሳልመው ሸኙኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ ያደግሁት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፤ ከዚያ ትምህርት የተረፈኝ ብቸኛው ነገር ሰው በቅዳሴ ጊዜ የቆመበትን ቦታ አይቶ ሳምንቱን ማወቅ ነው። የቆረበ ከውስጥ ነው። ቁርስ ቢጤ የቀመሰ ከሕንፃው ውጭ፣ ቂም የያዘ ዛፉ ሥር፣ ከጎረቤቱ ጋር የተካሰሰ ከጎረቤቱ ራቅ ብሎ። ከግቢው በር ውጭ፣ ከግንቡ ወዲያ መንገዱ ላይ የሚቆም ሰው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለበት። ወይ ቀኖና ላይ ነው፣ ወይ ራሱን ግባ ለማለት አልደፈረም።

እሁድ ማለዳ ሄጄ አየሁ። አንድ ሰው ከበሩ ውጭ ቆሟል።

ረጅም ሰው ነው። (ይህን ታሪክ እንድጽፈው ሲፈቅድልኝ "ረጅም በለኝ" ብሎ ቃል አስገብቶኛል፤ ስለዚህ እናንተም ቀና ብላችሁ እዩት።) ገበሬ ነው፣ በበጋ ደግሞ ሸማ ይሠራል። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጋቢውን አፉ ላይ ጥሎ፣ ግንባሩን ግንቡ ላይ ደግፎ ቆመ። ሰው እየወጣ በአጠገቡ ሲያልፍ መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሳለ ሁሉም ሰፋ አድርጎ ያልፈው ነበር። ይህን ሳይ ጨጓራዬ እንኳ ደስ አለው።

ከዚያ ወዲያ ሰዉ ትንሽ ትንሽ መናገር ጀመረ፤ እኔ ያየሁትን እነሱ ከእኔ በፊት አይተውት ኖሯል። ሸማኔው ከታናሹ ሟች ጋር በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ነበር። ሁለተኛው ወንድም በሞተ ሰሞን ከግቢው በር ውጭ መቆም ጀመረ። ሸማ መሥራቱንም ያን ሰሞን ተወ፤ "እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው" ይላሉ። ለቅሶ ቤት መጥቶ ተቀመጥ ቢባል አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ውሏል፤ "ሬሳው ያለበት ቤት መሬቷ አቃጠለችው" አሉኝ አንዲት ሴት። ድግስ ላይም ቆሞ ነው የሚበላው። እንዲህ ያለ ማስረጃ በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ "ሰውየውን አግኝቼዋለሁ" አልኩት። እሱም "ፊት አለው?" አለኝ። ፊትማ አለው።

ቤቱ ስሄድ መጀመሪያ ያገኘሁት ሚስቱን ነው። ቀልደኛ ሴት መሆኗ ያስታውቃል፤ የዚያን ቀን ግን ቀልዱ አልወጣላት አለ።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ የከተማ ሰው ነህ፤ እስቲ ምን እንደሆነ ጠይቅልኝ" አለችኝ። "እኔን ደህና ነኝ ይለኛል። መኝታውን ለይቷል። ልብሱን ራሱ ነው የሚያጥበው፣ ወንዝ ወርዶ፣ ሰው ሳያየው። እንኳን ልብስ እጁን ለመታጠብም የሚለመን ሰው እኮ ነው።"

"ልብሱን? ለብቻው?"

"ለብቻው" አለች፣ ዓይኗም ሞላ። ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው።

ሸማኔውን ከእርሻው ጫፍ አገኘሁት። ቆሞ ነበር። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥ ስለው "እንዲህ ይሻለኛል" አለ። ጋዜጠኛ ሰውን የሚያወጣጣበት መቶ መንገድ አለ፤ ሁሉንም ዘለልኳቸውና "ገድለሃል?" አልኩት።

"አልገደልኩም።"

"ታዲያ ለምንድን ነው ከበሩ ውጭ የምትቆመው?"

ሸለቆውን አየ። አንድ አሞራ መጥቶ፣ ዞሮ፣ ሰልችቶት እስኪሄድ ዓይኑን ከዚያ አልነቀለም።

"በእናትህ አጥንት ማልልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር" አለኝ።

ማልኩለት። ያን ጊዜ በአገጩ ወደ ኋላው፣ ወደ መቀመጫው አመለከተ።

"ይደማኛል" አለ። "ኪንታሮት ነው።"

ሳቅ ከሆዴ ተነስቶ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ በሁለት እጄ ያዝኩት። የሚደማ ሰው ወደ ቤተ መቅደስ አይገባም፤ አፍንጫው የነሰረው እንኳ ወጥቶ ይቆማል። እሱ ደግሞ ጥንቁቅ ስለሆነ ግቢውንም አልደፍርም ብሏል። ሸማኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ አፈር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው፤ እንዴት አድርጎ ይሥራ? እንዴት አድርጎ ለቅሶ ቤት ይቀመጥ? እንዴት አድርጎ ልብሱን ለሚስቱ ይስጥ? ያ ሁሉ ማስረጃዬ አንድ በአንድ ተነስቶ እሱ የጠቆመበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ።

"ለሚስትህስ አትነግራትም?"

"ለሷ ነገርኩ ማለት ለእህቷ ነገርኩ፣ ለእህቷ ነገርኩ ማለት ለገበያው ነገርኩ።"

"ሰው ነፍሰ ገዳይ ነህ እያለህ ነው እኮ።"

"ሰምቻለሁ።"

"ነፍሰ ገዳይ ከመባልና ኪንታሮታም ከመባል የቱ ይሻልሃል?"

ቶሎ ይመልሳል ብዬ ነበር። እሱ ግን አሰበበት።

"ነፍሰ ገዳይን ሰው ይፈራዋል" አለኝ።

እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው የደበቀውን ሳወጣ ኖሬ፣ አሁን አንድን ሰው ከሞት የሚያድን ወሬ ይዤ በእናቴ አጥንት ታሰርኩ። ከሞት የምለውም ለማጋነን አይደለም፤ ማጋነን ሲያምረኝ እንደማጋንን ታውቃላችሁ፣ ይህ ግን እንዲያ አልነበረም።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌዎች ሕዝቡን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር ውጭ ካለው ወይራ ሥር ሰበሰቡት። አውጫጪኝ ነው፤ ያየ እንዲናገር፣ የተጠረጠረ እንዲምል። ከቀትር በፊት ያየ አልተገኘም። ከቀትር በኋላ ሸማኔው ተጠራ። በዚያ አገር ትልቁ መሐላ የቤተ ክርስቲያኑን በር በእጅ ዘግቶ "ዋሽቼ ከሆነ እንዲህ ይዘጋብኝ" ማለት ነው። በሩ ደግሞ ያለው ከግቢው ውስጥ፣ ከሕንፃው ላይ ነው።

"ግባና ማል" አሉት።

"እዚሁ ልማል" አለ።

"ከደጅ ውጭ መሐላ የለም። ንጹሕ ከሆንክ ግባ።"

አልገባም። ሕዝቡ ጉም ጉም አለ። እኔ ዓይኔን ወደ ቄሱ ወረወርኩ፤ እሳቸውም ወደ መቋሚያቸው ጫፍ አቀረቀሩ። ያን ጊዜ እንደሚያውቁ ገባኝ፤ እኔ በመሐላ፣ እሳቸው በክህነት፣ ሁለታችንም አፋችን ተሰፍቶ አንድ ወይራ ሥር ቆመናል። ሰውየው እግዜርን በመፍራቱ እግዜርን የማይፈራ ሆኖ ተቆጠረ። እኔ ብሆን ኖሮ እየደማሁ እየሮጥኩ እገባ ነበር፤ ግን እኔን ማንም ግባ አላለኝም።

አያ በመጨረሻ ተናገሩ። ጮክ አላሉም።

"እስከ ታቦቱ ወርኃዊ በዓል ይሁንለት። በዚያ ቀን ገብቶ ካልማለ፣ ከዚያ ወዲያ ሽማግሌ እንዳትልኩብኝ።"

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው እዚያ አልነበረም። ሴቶቹ ጭብጦ የያዙበትን ቁና አነሡ፣ ሰዎቹ ተበተኑ፣ ሸማኔውም ቆሞ ቀረ።

ቄሱን ከኋላ ተከትዬ ደረስኩባቸው። "አባ፣ እንዲያው ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ሰው ሕመምተኛ ቢሆንና ሕይወቱ የሚተርፈው በመግባቱ ቢሆን፣ አይፈቀድለትም?"

"ለምሳሌ ያህል ይፈቀድለታል" አሉኝ። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ ዞር አሉ። "አንዳንድ ሰው ግን ከቄሱ የባሰ ቄስ ነው፤ ቢነግሩት አይሰማም። ለምሳሌ ያህል ነው እንግዲህ።"

ከዚህ በኋላ የቀረኝ ሕክምና ነው። ደሙ ከቆመ ይገባል፣ ከገባ ይምላል፣ ከማለ ይድናል። ማለዳ ተነስተን ወደ ላሊበላ ወረድን። በቅሎ ተከራይቼለት ነበር፤ ኮርቻውን ሲያይ ፊቱ አመድ ሆነ። ስለዚህ ቁልቁለቱን ሁሉ እሱ በእግሩ ከፊት፣ እኔ በበቅሎ ከኋላ ሆነን ሄድን። መንገደኛ ሁሉ ሲያየን ቆሞ ያየን ነበር፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ክሊኒኩ ውስጥ ሐኪሙ አይቶት ሲያበቃ ሕመሙ የቆየ ነው አለ። ቅባት ሰጠው፣ ውሃ ጠጣ አለው፣ ጎመን ብላ አለው፣ ሸማውን ለጊዜው ተው አለው፣ ተመልሶ እንዲመጣና ትንሽ ነገር እንዲሠራለት መከረው።

"ደሙስ መቼ ይቆማል?" አልኩ እኔ።

"እንደ አያያዙ ነው። ጥቂት ሳምንት ታገሡ።"

"በዓሉ ከነገ ወዲያ ነው እኮ።"

"የምን በዓል?" አለ ሐኪሙ። አስረድቼ ልጨርሰው አልቻልኩም፤ መሐላ አለብኝ።

ስንመለስ መንደሩ ሌላ ወሬ ፈልቶበት ጠበቀን። ሸማኔው ሸሽቶ ነበር፤ ጋዜጠኛው በበቅሎ አሳድዶ ላሊበላ ላይ ያዘውና ከፊት ከፊቱ እየነዳ መለሰው። ወሬ ሲከለክሉኝ የነበሩ ሰዎች "ጀግና" ብለው ጠላ ሊያጠጡኝ መጡ። ድንጋዩ ላይ ስወጣ ደግሞ አለቃዬ ቀድሞ ሰምቷል፤ ኔትወርክ ለእኔ እንጂ ለወሬ ችግር የለበትም።

"ጋሽዬ፣ ተጠርጣሪውን ይዘኸዋል አሉ። ርዕሱን አውጥቼለታለሁ፤ ፎቶውን ብቻ ላክልኝ።"

"ፎቶ አልክም። ይህ ሰው አልገደለም።"

"ካልገደለ ለምን አይምልም?"

"አልነግርህም።"

"ጋሽዬ፣ አንተ እኮ የሆነ ነገር ደብቀህ አታውቅም" አለኝ፣ ከልቡ አዝኖ። "አሞሃል?"

"ፎቶውን ብትለጥፈው በነገታው ይገድሉታል። ገዳዩ እኔና አንተ እንሆናለን።"

"እስከ በዓሉ እጠብቅሃለሁ። ከዚያ ፎቶ ከሌለህ ሌላ ሰው እልካለሁ" አለ። ተናድጄ ስልኩን ገደል ልወረውረው እጄን አነሣሁ፤ ክፍያውን ገና እንዳልጨረስኩ ትዝ አለኝና በዝግታ ኪሴ ከተትኩት።

የበዓሉ ዕለት ማለዳ ሸማኔው ግንቡ ጋ ቆሟል። ቅባቱን ለሚስቱ "ለወገቤ ነው" ብሏት እንደሚቀባው ነግሮኝ ነበር።

"ቆመ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ቀነሰ እንጂ አልቆመም።"

"ትገባለህ?"

"አልገባም።"

"እንግዲያው ለአንድ ሰው ብቻ ንገር።"

"ለማን?"

"ለአያ።"

"ለሳቸው? ሊገድሉኝ ላሰቡት?"

"ሊገድሉህ ያሰቡት እሳቸው ብቻ ናቸው እኮ። የሌላው ሰው ማወቅ ምን ይጠቅምሃል?"

"ይስቁብኛል።"

"ይሳቁ። እየሳቀ አልሞ የሚተኩስ ሰው እስካሁን አላየሁም።"

ቅዳሴው አበቃ፣ ሕዝቡ ወይራው ሥር ተሰበሰበ፣ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ እሱ እንደ ልማዱ ቆመ። ሚስቱ ከሴቶቹ መሐል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አየኋት። "ግባና ማል" አሉት። እሱም ላብ በላብ ሆኖ "አያን ለብቻቸው ላናግራቸው" አለ።

ሁሉም ሊናዘዝ ነው ብሎ አሰበ። አያ ተነሡ፣ ጠመንጃቸውን አስተካከሉ፣ ግንቡን ዞረው ከጥዶቹ ሥር ሄዱ፤ ሸማኔውም ተከተላቸው። እኔ ከሩቅ ማየት እንጂ መስማት አልቻልኩም፤ በሙያዬ እንዲህ የተቃጠልኩበት ቀን የለም።

ሸማኔው አጎንብሶ ተናገረ። አያ ጠመንጃቸውን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ አዛወሩ። ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልሳቁም። ይልቅ አንድ ነገር ጠየቁት። እሱ መለሰ። ሌላ ጠየቁት። በእጁ የሆነ ነገር እያሳየ መለሰ። ደግሞ ሌላ። የወንድሙን ገዳይ ያገኘ ሰው ይህን ያህል ጥያቄ አያበዛም። በመጨረሻ አያ ግራና ቀኝ አይተው ወደ ጆሮው ጠጋ አሉና አንድ ነገር አሉት። ሸማኔው ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ሁለቱም መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ።

ተመልሰው መጡ። "ይህ ሰው ከወንድሞቼ ደም ንጹሕ ነው" አሉ አያ።

"በምን ታወቀ?" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ነገረኝ።"

"መሐላውስ?"

"ለእኔ ምሎልኛል። ሟቾቹ የእኔ ናቸው፤ እኔን ከበቃኝ ያልበቃው ማን አለ?"

ያልበቃው ሰውማ ብዙ ነበር። ሕዝቡ ምሳ ሰዓቱ እስኪያልፍ ሲጠባበቅ የዋለው ለዚህ አልነበረም። እየተነጫነጨ ተበተነ። ሚስቱ ባሏን በሩቁ እያየች ቆማ ቀረችና ሄዳ ክንዱን ያዘችው።

ምን እንደተባባሉ የነገረኝ ወደ ቤቱ ስንሄድ ነው፣ ሚስቱን ወደፊት አስቀድሞ። አያ መጀመሪያ ያሉት "ያሳክካል?" ነው። ቀጥለው "ሲጀምርህ በርበሬ በልተህ ነበር?" ብለዋል። ቀጥለው የቅባቱን ቀለም ጠይቀዋል። በመጨረሻ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው ያሉት "እኔም ከክረምቱ ጀምሮ አለብኝ። ግን ቤተ ክርስቲያን ስገባ ነው የኖርኩት" የሚል ነው።

"እና ምን አልካቸው?" አልኩት።

"ምን እላለሁ። ታላቅ ናቸው።"

ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ለአለቃዬ ሰውየው ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን ነገርኩት። "በምን?" አለ። "አልነግርህም" አልኩት። የሰሜን ቢሮው እንዲዘጋ መወሰኑን በጣም በአክብሮት አስታወቀኝ። ቢሮውን አውልቄ፣ አጣጥፌ፣ በብብቴ ይዤ ወደ ላሊበላ ወረድኩ። በቀጣዩ እሁድ ከግቢው በር ውጭ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እንደቆሙ ሰማሁ፤ ሸማኔውና አያ። መንደሩ በአሁኑ ጊዜ ስለ ሁለቱ ምን እያለ እንደሆነ ልነግራችሁ አልደፍርም፤ ወንድሞቻቸውን ያስገደሉ አያ ራሳቸው ናቸው የሚል እንኳ አለ።

ገዳዩ ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው መኖሩን ብቻ አውቃለሁ።

አያ ሆቴሉ ድረስ የመጡት ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ነው። በረንዳው ላይ ወንበር ሳብኩላቸው፤ ድመቷ ተነስታ ለቀቀችላቸው፣ እሳቸው ግን አልተቀመጡም።

"ያ ሐኪም የት ነው?" አሉኝ።

በእግራችን፣ በዝግታ ሄድን። ባጃጅ እያለፈ ሲጠራን ሁለታችንም አንገታችንን ነቀነቅን። መንገዱን ሁሉ አንድ ጥያቄ ምላሴ ላይ ነበር፤ ማን ገደላቸው፣ እርስዎ ማንን ይጠረጥራሉ። ክሊኒኩ ደርሰን ተራ ስንጠብቅ፣ አግዳሚው ባዶ ሆኖ ሳለ ግድግዳ ተደግፈን እንደቆምን፣ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ቀደሙኝ።

"ሸማኔውን የገበያው ዕለት ሲወርድ ልጠብቀው አስቤ ነበር" አሉ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠቢያ ሥዕል እያዩ። "ቦታውንም መርጬ ነበር። ከአንድ ዛፍ ጀርባ ጥሩ የጠመንጃ መደገፊያ ድንጋይ አለ።"

ጥያቄዬን ዋጥኩት። ብዙ ዓይነት ሰው ሲናዘዝ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ በጠራ ድምፅ የነገረኝ የለም።

ነርሷ ብቅ ብላ "ባለተራው ማነው?" አለች። አያ አልተንቀሳቀሱም። ጠመንጃ ይዘው ያላጡት ድፍረት ነጭ ጋዋን ሲያዩ ጠፋባቸው፤ ክንዴን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "አንተ ቀድመህ ግባና ንገርልኝ" አሉኝ።

ገባሁና ነገርኩላቸው።